ስለ ባሕርይና ስለ ልማድ፤ «ፊዚክስ» ከሚለው ስም አመጣጥ ጋር

ስም ያለ ምክንያት አይወጣም። አባታችን አዳም ለእንስሳትና ለአራዊት ስም ባወጣላቸው ጊዜ የእያንዳንዱን ጠባይ አይቶ እንደ ሰየማቸው መምህራን ያስተምራሉ፤ ከእርሱም በኋላ የተነሡ ሰዎች አዲስ ነገር በተገለጠላቸው ጊዜ ወይ አዲስ ስም አውጥተውለታል፥ ወይ የቀድሞውን ስም ለአዲሱ ነገር አውሰውታል። ነገር ግን ስም ከአገር ወደ አገር፥ ከዘመን ወደ ዘመን ሲተላለፍ ድምፁ እንጂ ምሥጢሩ ሁልጊዜ አብሮት አይሄድም። ስለዚህ ዛሬ በየተማሪ ቤቱ የሚነገረውን አንድ ስም ወስደን ሥሩን ልንመረምር አሰብን፤ ይኸውም «ፊዚክስ» የሚባለው ነው። ምርመራውም ለቋንቋ ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ ከዚህ ስም ሥር በየቤታችንና በየሸንጎአችን ሳንመዝን የምንናገረው አንድ ከባድ ቃል ስለምናገኝ ነው።

ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በገላን፥ ቀድሞ ጤፍ ይዘራበት በነበረው ጥቁር መሬት ላይ ዛሬ ብዙ ፋብሪካ ቆሟል፤ ከየአገሩ ለሥራ የመጣ ሕዝብም ተቀምጦባታል። በዚያ ከሚያገለግሉት ዲያቆናት ብዙዎቹ ሌሊት ኪዳን አድርሰው፥ ማለዳ ደብተራቸውን ይዘው ወደ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤት የሚሄዱ ናቸው። ከነዚህም መካከል «ይህ ፊዚክስ የሚባለው ትምህርት ከመጻሕፍቶቻችን ጋር ይስማማልን ወይስ ይጣላል?» ብለው የሚጠይቁን አሉ። ስለ ትምህርቱ ስፋት ያስተማሯቸው መምህራን ይመልሱላቸው። ስለ ስሙ ግን እኛ እንመልሳለን፤ ስሙ ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለምና።

«ፊዚክስ» የሚለውን ስም እንግሊዞች ከላቲን፥ ላቲኖችም ከጽርእ ተቀብለውታል። በጽርእ ቋንቋ «ፊዮ» ማለት አበቀለ፥ አወጣ ማለት ነው፤ በተደራጊ ሲነገር በቀለ፥ አደገ ይሆናል። ከዚህ ግሥ «ፊሲስ» የሚል ስም ይወጣል፤ የመጀመሪያ ትርጓሜው ብቅለት፥ እድገት ነው፤ ኋላ ግን አንድ ነገር ከውስጡ በቅሎ የሚሆነውን ሁሉ፥ ማለት ባሕርዩን፥ ያመለክት ጀመር። ከዚያው ሥር የወጣው «ፊቶን» ተክል ማለት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት በሦስተኛው ምዕራፍ፥ ወደ ሃይማኖት አዲስ የገባ ሰው ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ እንዳይሾም ሲከለክል፥ ያን ሰው በጽርእ «ኔኦፊቶስ» ብሎ ጠርቶታል፤ አዲስ የተተከለ ማለት ነው። እንግዲህ ተማሪው ለፈተና የሚያጠናው የትምህርት ስምና ሐዋርያው ስለ ክህነት ሥርዓት ሲጽፍ የተጠቀመበት ቃል የአንድ ግንድ ሁለት ቅርንጫፎች ናቸው።

አርስጣጣሊስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው ምእት ዓመት ስለዚህ ነገር የጻፈው መጽሐፍ በጽርእ «ታ ፊሲካ» ይባላል፤ የባሕርይ ነገሮች ማለት ነው። እንግሊዝኛው በመጨረሻው «ስ» የምትለውን የብዙ ቍጥር ምልክት ይዞ የቀረው ከዚህ የተነሣ ነው። ላቲኖች በበኩላቸው ፊሲስን «ናቱራ» ብለው ተረጐሙት፤ ይህም ተወለደ ከሚለው ግሣቸው የወጣ ነው። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ያሳተመውን ታላቅ መጽሐፍ የሰየመው በዚህ በላቲኑ ስም የተፈጥሮ ፍልስፍና ብሎ ነው እንጂ ፊዚክስ ብሎ አይደለም። በእንግሊዝኛ ደግሞ «ፊዚክ» ይባል የነበረው ሕክምና ነው፤ እስከ ዛሬም ሐኪሙን «ፊዚሽያን» ይሉታል፤ የፊዚክስን ሊቅ ከሐኪሙ ለመለየት «ፊዚሲስት» የሚለውን ስም ዊልያም ሂዩወል የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1840 አወጣው። ይህን ታሪክ በዚሁ እንተወው፤ የእኛ ጉዳይ ከሥሩ ጋር ነው።

ይህ ስም ወደ አገራችን የገባው ከዘመናዊው ተማሪ ቤት ጋር ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር «ፊሳልጎስ» የሚባለውን የግዕዝ መጽሐፍ ያስታውስ። ፊሳልጎስ በጽርእ «ፊሲዮሎጎስ» ነው፤ ስለ ባሕርይ የሚናገር ማለት ነው። መጽሐፉ በእስክንድርያ በጽርእ እንደ ተጻፈ ይታመናል፤ በአክሱም ዘመን በቀጥታ ከጽርእ ወደ ግዕዝ ተመለሰ። ፍሪትስ ሆሜል የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ የግዕዙን ንባብ እ.ኤ.አ. በ1877 በላይፕሲክ አሳትሞታል። እንግዲህ እንግሊዝኛ ይህን ስም በመጽሐፍ ቋንቋው ከማስገባቱ ብዙ ምእት ዓመት አስቀድሞ የእኛ ጸሓፊዎች በብራና ላይ በፊደላችን ጽፈውት ነበር ማለት ነው።

በዚያ መጽሐፍ ስለ አንበሳ፥ ስለ ንስር፥ ስለ እባብ፥ ስለ ዕንቍና ስለ ሌሎችም ይነገራል። አንበሲት ደቦሎችዋን ሞተው ትወልዳቸዋለች፥ በሦስተኛው ቀን አባታቸው መጥቶ እፍ ሲልባቸው ሕይወት ያገኛሉ ይላል፤ ይህንንም የጌታችን ትንሣኤ ምሳሌ ያደርገዋል። የአንበሳ ደቦል በሕይወት እንደሚወለድ ዛሬ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ መጽሐፉን እንደ ሐሰተኛ መጣልም፥ ነገሩ እንደ ተጻፈው ነው ብሎ መከራከርም አይገባም፤ ምሳሌው የቆመው በትንሣኤው እውነት ላይ ነው እንጂ ትንሣኤው በአንበሳው ላይ አልቆመም። ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ቀን ፍጥረት በተናገራቸው በዘጠኙ ድርሳናቱ፥ ሣሩን ሣር፥ ዓሣውን ዓሣ አድርጎ ማየትን መምረጡ ለዚህ ጥሩ መሪ ነው። ሆኖም ከፊሳልጎስ ነገሮች አንዱን ለኋላው ያዙልን፤ እባብ በሸመገለ ጊዜ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ጾሞ፥ ሰውነቱ ሲላላ በጠባብ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ አልፎ አሮጌ ቆዳውን ይጥላል ይላል።

አሁን ወደ ራሳችን ቃል እንመለስ። አባቶቻችን ፊሲስን ለመተርጐም ከያዟቸው ቃላት በኋላ ዘመን የጸናው «ባሕርይ» ነው። ይህ ቃል በግዕዝ ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው ዕንቍ ነው፤ በማቴዎስ ወንጌል በ13ኛው ምዕራፍ ነጋዴው ያለውን ሁሉ ሸጦ የገዛው ዕንቍ በግዕዙ «ባሕርይ» ይባላል፤ በክብረ ነገሥትም ከአዳም ጀምሮ በአበው ሲተላለፍ ቆይቶ ወደ እመቤታችን የደረሰው ንጹሕ ነገር በዚሁ በዕንቍው ስም ተነግሯል። ሁለተኛው ሁላችን የምናውቀው፥ የአንድ ነገር ማንነቱ ነው። ዕንቍና ማንነት ስለ ምን በአንድ ስም ተጠሩ? የቋንቋ ሊቃውንት ምክንያቱን ከዐረብኛ ያመጡታል፤ በዚያ ቋንቋ «ጀውሀር» ዕንቍም ነው፥ የነገር ማንነትም ነው፤ እንደ ሃይማኖተ አበው ያሉ መጻሕፍት ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ሲመለሱ ተርጓሚዎቹ የጀውሀርን ሁለት ትርጓሜ በባሕርይ ላይ አኖሩት ይላሉ። እኛም ይህን ሳንቃወም እንደ አንድምታው ሥርዓት እንጨምራለን። ባሕርይ ከባሕር ነው፤ ዕንቍ ከጥልቅ እንዲወጣ የሰው ማንነትም ላይ ላዩን በሚታየው አይታወቅምና። አንድም ዕንቍ በዛጎሉ ውስጥ ንብር በንብር እየተደራረበ የሚያድግ ነውና ከጽርኡ «ብቅለት» ጋር ይገናኛል።

«ጠባይ» የምንለውም ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ሥሩ ማተም፥ ማኅተም ማሳረፍ ማለት ነው። «ተፈጥሮ» ግን የራሳችን ነው፤ ፈጠረ ከሚለው ግሥ ወጥቷል። የገላን አገር ሕዝብ በሚናገረው በኦሮምኛም ተፈጥሮን «ኡመማ» ይሉታል፤ እርሱም ፈጠረ ከሚለው ከ«ኡሙ» የወጣ ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ያስተውል። ጽርኡ በቀለ ይላል፤ ማን እንደ ተከለው ግን አይናገርም። ላቲኑ ተወለደ ይላል፤ ወላጁን አይጠራም። አማርኛውና ኦሮምኛው ግን ገና ስሙ ሲጠራ ፈጣሪ እንዳለ ያሳውቃሉ። ይህንን ለትዕቢት አንናገረውም፤ ጽርእ የወንጌል ቋንቋ ነውና። ነገር ግን ስለ ተፈጥሮ የሚማር ተማሪ በገዛ ቋንቋው ይህ ሀብት እንዳለው ቢያውቅ መልካም ነው።

ይህ ቃል በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ስንት እንደ ከበደ ካህናት ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ ዓለም የተለያየው በዚህ በፊሲስ ቃል ነው፤ ቅዱስ ቄርሎስ በጽርእ ስለ ተዋሕዶ ያስተማረውና የልዮን ጦማር በላቲን የተናገረው አልተስማማምና። እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1971 የሁለቱ ወገን ሊቃውንት አራት ጊዜ ተሰብስበው ተመካክረዋል፤ አራተኛው ስብሰባ የተደረገው በአዲስ አበባ ነው። ስለዚያ ዛሬ አንጽፍም፤ ይህን ያነሣነው ባሕርይ የሚለውን ቃል አባቶቻችን በዋዛ እንዳልተናገሩት፥ ስለ እርሱም ስደትና እስራት እንደ ተቀበሉ ለማሳሰብ ነው።

እኛ ግን በዋዛ እንናገረዋለን።

ለሽምግልና በተቀመጥን ጊዜ አብዝተን የምንሰማው ቃል ይህ ነው፤ «አባታችን፥ ምን ላድርግ፤ ባሕርዬ ነው።» ይህን የሚለው ሚስቱን የመታ ሰው ነው። ይህን የምትለው የጎረቤቷን ስም ያጠፋች ሴት ናት። ደመወዙን በመጠጥ ጨርሶ ልጆቹን ያስራበ አባትም እንዲሁ ይላል። አንዳንድ ጊዜም አጠገባችን የተቀመጡት ሽማግሎች «እውነቱን ነው፤ ከልጅነቱም ቍጡ ነበር» ብለው ይመሰክሩለታል፤ ወደ ሚስቲቱም ዞረው «አንቺ ቻዪው እንጂ፥ ባሕርዩን ታውቂው የለም?» ይሏታል። ልብ በሉ፤ በዚህ በአንድ ቃል ጥፋቱ ከጥፋተኛው ላይ ተነሥቶ በተበደለችው ላይ ተጫነ። እርሱ ባሕርዩን ሊለውጥ ስለማይችል ነጻ ወጣ፤ እርስዋ መቻል ስለምትችል ባለ ዕዳ ሆነች።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ክፉ ሥራ የሰው ባሕርይ ሊባል ይችላልን?

ባሕርይ ማለት ምን እንደ ሆነ አርስጣጣሊስ በጥሩ ምሳሌ አሳይቷል። ስሙ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በ16ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ አባ ሚካኤል ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ በመለሱት በመጽሐፈ ፈላስፋ ከጠቢባኑ ጋር ተቈጥሯል። እርሱ ስለ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ እንዲህ ያስረዳል፤ ድንጋይ ወደ ታች መውረድ ባሕርዩ ነው፤ ዐሥር ሺህ ጊዜ ወደ ላይ ብትወረውረው ወደ ላይ መሄድን አይለምድም። እሳትም ወደ ታች መንደድን አይማርም። ስለዚህ በመልመድ የሚመጣ ነገር ከባሕርይ አይቈጠርም። ዛሬ በፊዚክስ ድንጋዩ የሚወድቅበት ምክንያት ከአርስጣጣሊስ በተለየ መንገድ ይተረጐማል፤ ነገር ግን ድንጋይ አሁንም መውጣትን አልለመደም፤ ስለ መውደቁም የሚከሰው ዳኛ የለም። እንግዲህ «ቍጣ ባሕርዬ ነው» የሚል ሰው ራሱን ከድንጋይ ጋር አስቈጠረ። ንስሐ፥ ቀኖና፥ ጾም፥ ምክር ለድንጋይ አይሰጥም። ካህኑ የሚሰጠውን ቀኖና ተቀብሎ «ባሕርዬ ነው» የሚል ሰው በአንድ እጁ የያዘውን በሌላው ይጥለዋል።

ያው አርስጣጣሊስ ስለ ባሕርይ በጻፈው መጽሐፍ በሁለተኛው ክፍል አንጢፎን የተባለ ሰው የተናገረውን ምሳሌ ያነሣል። አልጋን መሬት ውስጥ ብትቀብረውና ቢያቈጠቍጥ የሚበቅለው እንጨት ነው እንጂ አልጋ አይደለም። አልጋነቱን የሰጠው የአናጢ እጅ ነውና፤ እንጨትነቱ ግን የራሱ ነው። ይህን ምሳሌ ለመረዳት ወደ ጽርእ አገር መሄድ አያሻም። የኮርች እንጨት ቈርጦ ለአጥር የተከለ ገበሬ፥ ክረምት ሲገባ እንጨቱ ሥር ሰዶ ሲያቈጠቍጥ ያየዋል፤ የሚወጣው ቅጠል የኮርች ቅጠል ነው፥ አጥር ግን አያፈራም። በሰውም እንዲሁ ነው። ቍጣው፥ ስካሩ፥ ሐሜቱ የአልጋው ቅርጽ ነው፤ አንድ እጅ ጠርቦታል። ያ እጅ የራሱ ሊሆን ይችላል፤ ያሳደጉት ሰዎች ወይም የጓደኞቹ ሊሆን ይችላል፤ ያየው ግፍና የተቀበለው መከራ ሊሆን ይችላል። ከሥር ያለው እንጨት ግን እግዚአብሔር በአርአያው የፈጠረው ነው።

በዚህ ላይ ከመጽሐፍ ጠቅሰው የሚመልሱልን ይኖራሉ። ነቢዩ ኤርምያስ በ13ኛው ምዕራፍ ኢትዮጵያዊው መልኩን፥ ነብርም ዝንጕርጕርነቱን ይለውጥ ዘንድ ይቻለው እንደ ሆነ ጠይቋልና፤ «እንግዲህ ባሕርይ አይለወጥም ማለቱ አይደለምን?» ይሉናል። ይህ ቃል በእኛ ስም ስለ ተነገረ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ እኛ አጥርተን ልናነበው ይገባናል። ነቢዩ የሚናገረው ለኢየሩሳሌም ሰዎች ነው። መልካችን ነውር ነው አላለም፤ መልክ የፈጣሪ ሥራ ነው፥ ንስሐም አያሻውም። ከዚያም አያይዞ እነዚያን የይሁዳ ሰዎች ምን ብሎ እንደ ጠራቸው ተመልከቱ። ክፋት ባሕርያቸው የሆነ አላላቸውም፤ ክፋትን የለመዱ፥ የተማሩ ብሎ ጠራቸው እንጂ። በዕብራይስጡ ያለው ቃል የእኛው «ለመደ» ወንድም ነው፤ ዕብራውያን «ላመድ» ሲሉ ተማረ ማለታቸው ነው፤ የጽርኡም ተርጓሚዎች ክፋትን የተማሩ ብለው መልሰውታል። ነቢዩ ቆዳን ያነሣው ልማድ ሲከርም እንደ ቆዳ እንደሚጣበቅ ለማስፈራራት ነው። ነገር ግን ቆዳን ማንም አልተማረውም፤ የተማሩት ነገር ደግሞ የመጀመሪያ ቀን አለው። «አመል ያወጣል ከመኻል» የሚለው የአገራችን ተረትም አመል አለ እንጂ ባሕርይ አላለም።

ስለዚህ በሽምግልና «ባሕርዬ ነው» የሚለውን ሰው እኛ አሁን የምንጠይቀው «ከማን ተማርኸው? ከመቼ ጀምሮስ ለመድኸው?» ብለን ነው። አብዛኛው ሰው ይህን ሲጠየቅ ዝም ይላል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን አንድ ስም ወይም አንድ ዘመን ይጠራል። ያን ጊዜ ነገሩ ይጀመራል።

ሌላው ብርቱ ክርክር ከጳውሎስ ነው። ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው በሁለተኛው ምዕራፍ ቀድሞ ከባሕርያችን የቍጣ ልጆች እንደ ነበርን ይናገራል፤ በጽርኡ ያለው ቃል ይኸው ፊሲስ ነው። ይህን ማለፍ አይገባም። ነገር ግን ሐዋርያው የሚናገረው በአዳም ወድቆ ስለ ተወለደው ባሕርያችን ነው እንጂ መጀመሪያ ስለ ተፈጠረው አይደለም፤ ደግሞም «ነበርን» ብሎ በኃላፊ ይናገራል፥ ወዲያውም ከክርስቶስ ጋር ሕያዋን እንደ ሆንን ይቀጥላል። ለሮሜ ሰዎች በ11ኛው ምዕራፍ ሲጽፍ ይህንኑ ቃል በአንድ ቍጥር ሦስት ጊዜ ያነሣዋል፤ ከባሕርዩ የዱር የነበረው የወይራ ቅርንጫፍ ተቈርጦ፥ ከባሕርዩ ውጭ በመልካሙ ወይራ ላይ እንደ ተጣበቀ ይናገራል። ብቅለት የነበረው ቃል በሐዋርያው እጅ እንደ ገና ወደ አትክልት ሥራ ተመለሰ፤ በዚህም ስፍራ ተካዩ ተጠርቷል።

ያዕቆብም በሦስተኛው ምዕራፍ የአራዊት ሁሉ ባሕርይ በሰው ባሕርይ እንደሚገራ ጽፎ፥ ምላስን ግን የሚገራ ሰው እንደሌለ ያዝናል። አንበሳን የሚያለምድ ሰው የገዛ ምላሱን አልቻለም። ይህ ግን «ባሕርዬ ነው» ለሚለው መጠጊያ አይሆንም፤ ሐዋርያው ይህ ሊሆን አይገባም ብሎ ይገሥጻልና። የማይቻል ነገር አይገሠጽም። ሰው ብቻውን አይችልም ማለት ሌላ ነው፥ ባሕርዩ ነው ማለት ሌላ ነው፤ የመጀመሪያው ወደ ጸሎት ይወስዳል፥ ሁለተኛው ግን ወደ ቤቱ ይመልሰዋል። አባ እንጦንስም፥ አትናቴዎስ በጻፈው ገድሉ እንደሚገኘው፥ ነፍስ እንደ ተፈጠረች ቀጥ ብላ ብትኖር ምግባር ይህ እንደ ሆነ፥ ክፋት ማለት ከባሕርይ መጣመም እንደ ሆነ ለመነኮሳቱ አስተምሯል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለብን፤ ባንለይ በደለኛ እንሆናለንና። ሕመም የያዘው ሰው አለ። አእምሮው የታወከ፥ ኀዘን ያለ ምክንያት የሚያደቀው፥ መጠጥ ካቆመ ሰውነቱ የሚንቀጠቀጥ፥ እንዲህ ያለውን ሰው «ልማድህ ነው፥ ተወው» ብሎ መገሠጽ የተሰበረ እግርን ተነሥተህ ሩጥ እንደማለት ነው። ሐኪሞች ከነዚህ ደዌዎች አንዳንዱ በትውልድ እንደሚተላለፍ ያስተምራሉ፤ ይህን መስማት ከሃይማኖት አያወጣም። እንዲህ ያለው ወደ ጠበልም ወደ ሐኪምም ይሂድ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ነገር ግን ደዌም ቢሆን ባሕርይ አይደለም። የታመመ ሰው ታመመ ይባላል እንጂ ሕመም ነው አይባልም።

ስለ አራቱ ባሕርያትም ጥቂት እንበል፤ «እሳት ይበዛበታል፥ ምን ያድርግ» የሚሉ አሉና። ሥጋችን ከመሬት፥ ከውሃ፥ ከነፋስና ከእሳት እንደ ተፈጠረ፥ ነፍሳችንም ለባዊት፥ ነባቢት፥ ሕያዊት እንደ ሆነች እንማራለን። ዛሬ ሳይንስ የሚቈጥራቸው መሠረተ ነገሮች 118 ደርሰዋል፤ ቢጨምሩም አንጨነቅም፤ የትምህርቱ ፍሬ ቍጥሩ አይደለምና። ፍሬው እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ነገሮች በፈጣሪ ትእዛዝ በአንድ ሥጋ ታርቀው መኖራቸው ነው። እሳት የበዛበት ካለ ውሃም አልተነሣውም፤ በላያቸው ደግሞ ለባዊት ነፍስ ተሾማለች።

አስቀድመን ያዙልን ያልነውን የእባቡን ነገር አሁን እናንሣ። እባብ ቆዳውን ከመጣሉ በፊት መብል እንደሚተውና በሻካራ ነገር ላይ እየታከከ እንደሚገፈፍ ዛሬም በእንስሳት ዕውቀት ይመሰከራል፤ አርባው ቀን ግን የመጽሐፉ ምሳሌ ነው። ቆዳውን የሚጥለው ስላረጀ ብቻ አይደለም፤ ሥጋው እያደገ የቀድሞው ቆዳ ስለሚጠበው ጭምር ነው። ማደግ ባሕርዩ ስለ ሆነ ቆዳው ይወድቃል፤ ቆዳውን ሲጥልም እባብነቱ አይቀርም። ሰውም ልማዱን ሲጥል ባሕርዩን አያጣም፤ «ከተውሁት እኔ እኔ አልሆንም» ብሎ የሚፈራ ስንት ሰው አለ። በዐቢይ ጾም የሃምሳ አምስት ቀን መንገድ አንድን ክፉ ልማድ ይዞ የገባ ሰው ያለ እርሱ ሊወጣ ይችላል፤ ይህንን በምእመናን ላይ አይተነዋል፤ የሚመለስበትም እንዳለ አይተናል፤ በሚመጣው ዓመት ደግሞ ጾሙ ይመጣል።

እስካሁን የተናገርነው አንድ ሰው ስለ ራሱ ስለሚናገረው ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን ሰው ስለ ሌላው ወገን «ባሕርያቸው ነው» ሲል ነው። ገላንና ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ ከየአቅጣጫው የመጣ ሕዝብ በአንድ የፋብሪካ በር የሚሰለፍባቸው፥ በአንድ ግቢ ቤት ተከራይቶ የሚኖርባቸው ስፍራዎች ናቸው። በእንዲህ ያለ ስፍራ አንዱ ቢሰርቅ፥ አንዱ ቢዋሽ፥ አንዱ ቢማታ ወዲያው ቋንቋውና የትውልድ አገሩ ይጠየቃል፤ ከዚያም «የእነርሱ ነገር፥ ባሕርያቸው ነው» ይባላል። ሌባው አንድ ነበር፤ በዚህ ቃል ግን ያልተወለዱት ልጆቹ ሳይቀሩ ሌቦች ሆኑ። ለራሱ ሲናገረው ከፍርድ ያዳነው ቃል፥ ለሌላው ሲናገረው የማይሻር ፍርድ ሆነ።

ይህ የምግባር ስሕተት ብቻ ቢሆን ምክር ይበቃው ነበር። ነገሩ ግን ወደ ሃይማኖት ይገባል። የሰው ባሕርይ አንድ ነው፤ ጌታችን ከእመቤታችን የነሣው ይህን አንዱን ባሕርይ ነው። የእንዚናዙው ጎርጎርዮስ ለቅሊዶንዮስ በጻፈው መልእክት ያስተማረው ትምህርት የታወቀ ነው፤ ጌታ ያልነሣው አልዳነም። እንግዲህ ለአንድ ሕዝብ የተለየ ባሕርይ የሚሰጥ ሰው ሁለት ነገር አንዱን ይላል፤ ወይ ያ ሕዝብ ከአዳም አይደለም፥ ወይ ክርስቶስ የነሣው ሥጋ ከእነርሱ ሥጋ ሌላ ነው። አባቶቻችን በዚህ ቃል አንዲት ነጥብ እንዳትዛባ ስደትን ተቀብለዋል። እኛ ከቅዳሴ ወጥተን ገና ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሳንርቅ፥ ነጠላችንን እንደ ለበስን፥ ስለ ጎረቤታችን ወገን ይህንኑ ቃል እንናገራለን፤ ካህናትም አብረን ቆመን እንሰማለን።